ድራይቨሩ ታደሰ፣ ዋይፋዩ አዘገመ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ | የኮምፒውተር ዓምድ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች በርከት ያሉት አንድ ቅሬታ ይዘዋል፦ «የዋይፋይ ድራይቨሩ አፕዴት ከሆነ ወዲህ ኢንተርኔቱ ይጎተታል።» የመጀመሪያውን ሰፋ አድርገን መልሰነዋል፤ ሌሎቹ በእሱ ላይ ስለሚደገፉ ከእሱ ቢጀምሩ ይሻላል። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከአንድ ዕቃ፣ እዚህ ላይ ከዋይፋይ ካርዱ፣ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው። የዊንዶውስ ምናሌዎችን ስም ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚነበቡ አድርገን በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው፤ የዋይፋይ ካርዱ የኢንቴል ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ የዋይፋዩን ድራይቨርም አብሮ አደሰው። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱን ስለካው ከ4 ወይም ከ5 ሜጋቢት አያልፍም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልኬ ግን በዚያው ዋይፋይ 24 ያወጣል። የምንከፍለው ለ25 ሜጋቢት ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ለውጥ የለም። ድራይቨሩን ላጥፋው?
(ከሰሚት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አያጥፉት፤ ቢያንስ ዛሬ አያጥፉት። ስልክዎን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መለካትዎ የሥራውን ግማሽ ጨርሶታል። ስልኩ 24 ካወጣ መስመሩም ራውተሩም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ላፕቶፑ ጋ ነው። አሁን መታየት ያለበት ላፕቶፑና ራውተሩ እርስ በርስ የተስማሙበት ፍጥነት ነው።

«ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ዋይፋይ»፣ ከዚያ የዋይፋይዎ ስም ያለበትን «ፕሮፐርቲስ» ይጫኑ። ገጹን ወደ ታች ሲያወርዱት «ፕሮቶኮል»፣ «ሴኩሪቲ ታይፕ»፣ «ኔትወርክ ባንድ»፣ «ኔትወርክ ቻናል» እና «ሊንክ ስፒድ» የሚሉ መስመሮች አሉ። ከራውተሩ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀው፣ አንድ ፋይል እያወረዱ ይመልከቷቸው። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ዝቅ ስለሚያደርግ ሳያወርዱ የሚታየው ቁጥር ያሳስታል። የሚያዩትን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ ማነጻጸሪያ ይሆንዎታል።

«ሊንክ ስፒድ» የኢንተርኔትዎ ፍጥነት አይደለም። በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ያለው የአየር መንገድ ስፋት ነው። ከእሱም ቢሆን በተግባር የሚያገኙት ግማሹን ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሬዲዮዎቹ ተራ ሲጠባበቁና «ደርሶኛል» ሲባባሉ ይበላዋል። ያም ሆኖ ቁጥሩ የቱ ጋ እንደተሰበረ ይናገራል።

ዋይፋይ በአብዛኛው የሚሠራው በሁለት የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች (ባንዶች) ነው፤ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። ቁጥሩ 866 ከሆነ በ5 ጊጋኸርዝ፣ በሁለት አንቴና፣ በ80 ሜጋኸርዝ ስፋት ተገናኝተዋል፤ የዋይፋይ 5 (802.11ኤሲ) ካርድ ሙሉ ጤንነት ይህ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ፣ የዋይፋይ 6 ካርድና ራውተር ከሆኑ በዚያው ስፋት 1201 ይላል። 433 ካለ ከሁለቱ አንቴናዎች አንዱ ሥራ ፈትቷል፤ ወይም ካርዱ መጀመሪያውኑ ባለ አንድ አንቴና ነው። 300 እና 144 የ2.4 ጊጋኸርዝ ቁጥሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በ40፣ ሁለተኛው በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት። 72 ወይም 65 ካለ እዚያው 2.4 ላይ በአንድ አንቴና እየሠራ ነው። ቁጥሩ 1፣ 2፣ 5.5፣ 6 ወይም 11 ላይ ከወደቀ ሲግናሉ ሞቷል፤ ቅንብር ሳይነኩ በፊት ቦታ ይቀይሩ።

ድርቅ ያለ 54 ግን ለብቻው ይታያል። 54 የአሮጌው የዋይፋይ ትውልድ፣ የ802.11ጂ ጣሪያ ነው፤ ዛሬ የሚገኝ ካርድ ሁሉ ከዚያ በላይ ይችላል። ስለዚህ 54 ካዩ አንድ ነገር ካርዱን ወደ ኋላ ይዞታል ማለት ነው። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛ፣ ድራይቨሩ ውስጥ ከእሱ በኋላ የመጡት የ802.11ኤን ወይም ኤሲ ሁነታ ተዘግቷል። ሁለተኛ፣ ግንኙነቱ የተመሰጠረው በድሮዎቹ በዌፕ ወይም በቲኪፕ ነው፤ የ802.11ኤን ደንብ በእነዚህ ሁለቱ ከ54 በላይ መሄድን ይከለክላል። ሦስተኛ፣ ራውተሩ ላይ «ደብሊው ኤም ኤም» የሚባለው፣ ለድምፅና ለቪዲዮ ቅድሚያ የሚሰጠው ቅንብር ጠፍቷል። በሁለተኛው ላይ ስልክዎ ለምን ደህና ሆነ ቢሉ፦ ራውተሩ ቲኪፕንና አዲሱን ምስጠራ ኤኢኤስን ደባልቆ የሚፈቅድ ከሆነ ስልኩ ኤኢኤስን ሲመርጥ ላፕቶፑ የቆየው የተቀመጠ ቅንብር ይዞት ቲኪፕ ላይ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዋይፋዩን ስም «ፎርጌት» ብለው ያስረሱትና የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ ያስገቡ። ራውተሩንም «ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ» ብቻ ላይ ያድርጉት።

በእርስዎ ሁኔታ ግን የምንጠረጥረው 72ን ወይም 144ን ነው፤ ማለትም ስልኩ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ሲሆን ላፕቶፑ ከአፕዴቱ በኋላ ወደ 2.4 ወርዷል። ብዙ ራውተሮች ሁለቱን ባንዶች በአንድ ስም ስለሚያሰራጩ ይህ ለዓይን አይታይም። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ 2.4 ማለት መርካቶ ማለት ነው። የማይነካኩ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉ ቤቶች ሁሉ እነዚህኑ ሦስቱን ይሻማሉ። «ሊንክ ስፒድ» 144 እያለ በተግባር 4 ሜጋቢት ቢያገኙ አይግረምዎት፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ተራው ግን አይደርስዎትም።

አዲስ ድራይቨር ሲጫን ሁለት ነገር ያደርጋል። በፊት የተስተካከሉ ቅንብሮችን ወደ ፋብሪካው መነሻ ሊመልሳቸው ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የላፕቶፑ አምራች ለዚያ ሞዴል አንቴና ያስተካከለውን ድራይቨር አንሥቶ የካርዱን አምራች አጠቃላይ ድራይቨር ይተካበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅንብሩን እንይ፤ ድራይቨሩን መመለስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አብረው ተጭነው «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ይክፈቱ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ሥር የዋይፋይ ካርድዎን ሁለት ጊዜ ተጭነው «አድቫንስድ» ወደሚለው ይግቡ። ረጅም ዝርዝር ያያሉ፤ አብዛኛውን አይንኩት። «ፕሪፈርድ ባንድ» የሚለውን «ፕሪፈር 5 ጊጋኸርዝ» ያድርጉት፤ ለእርስዎ ችግር ዋናው ይህ ይመስለናል። «ዋየርለስ ሞድ» ካርዱ የሚችለው ትልቁ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። «ሚሞ ፓወር ሴቭ ሞድ» ባትሪ ለመቆጠብ አንዱን አንቴና የሚያሳርፍ ነው፤ «ኖ ኤስኤምፒኤስ» ያድርጉት። «ትራንስሚት ፓወር» «ሃየስት» ላይ ይሁን። «ቻናል ዊድዝ» ለ5 ጊጋኸርዝ «ኦቶ»፣ ለ2.4 ደግሞ «20 ሜጋኸርዝ ኦንሊ» ይሁን፤ ጎረቤት በበዛበት 40 መክፈት ጠበኛ ማብዛት ነው። «ሮሚንግ አግረሲቭነስ» አምስት ደረጃ አለው። አምስተኛው ላይ ከተሰቀለ ካርዱ ሥራውን እያቋረጠ ሌላ ራውተር ሲፈልግ ይውላል፤ መካከለኛው ይበቃዋል። «ስሩፑት ቡስተር» የሚለው ስሙ ያጓጓል፤ ተዘግቶ ይቆይ። አንድ ሲቀይሩ አንድ ይለኩ፤ አምስቱን በአንዴ ቀይረው ቢሻል የትኛው እንዳሻለው አያውቁም፣ ቢብስም እንዲሁ።

ካርዱን ከኃይል ጋር የሚያያዝ ጉዳይም አለ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ደህና ሆኖ በባትሪ ብቻ የሚዘገም ከሆነ ድራይቨሩን ተዉትና «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዋየርለስ አዳፕተር ሴቲንግስ»ን «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» ያድርጉ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ መስመር ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ከካርዱ «ፓወር ማኔጅመንት» ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ፤ እሱም ከሌለ ማድረግ የሚቻለው ቻርጀር መሰካት ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ወደ ድሮው ድራይቨር እንመለስ። እዚያው ካርዱ ላይ «ድራይቨር» የሚለውን ገጽ ከፍተው የቨርዥን ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፉ። ከዚያ «ሮል ባክ ድራይቨር»ን ይጫኑ፣ ምክንያት ሲጠይቅ አንዱን ይምረጡ፣ ኮምፒውተሩን ያስነሡ። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ ዊንዶውስ ለመመለሻ የያዘው የለም ማለት ነው። ያም ቢሆን አያበቃም። «አፕዴት ድራይቨር»፣ ከዚያ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ ከዚያ «ሌት ሚ ፒክ» ብለው ሲገቡ ዊንዶውስ መጋዘኑ ውስጥ ያስቀመጣቸውን ቨርዥኖች ይዘረዝርልዎታል። ብዙ ጊዜ የድሮው እዚያ ተኝቶ ይገኛል፤ ሳያወርዱ፣ ዳታ ሳይከፍሉ መልሰው ያስነሡታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ብሎ ያጠፋና ኮምፒውተሩን ያስነሣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ መጥፎ ድራይቨር ከመጋዘኑ አውጥቶ መልሶ ይጭነዋል። ሰውየውም «አጥፍቼ ጫንኩት፣ አልተሻለም» ይላል። በእርግጥ እንዲጠፋ ሲያጠፉ ብቅ በሚለው ሳጥን ውስጥ ድራይቨሩንም ለማስወገድ የሚጠይቀውን ምልክት ማድረግ አለብዎ። ምልክቱን ከማድረግዎ በፊት ግን ትክክለኛው ድራይቨር በእጅዎ ይኑር፤ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ፣ በሞዴሉ ወይም ከሥሩ በተለጠፈው መለያ ቁጥር ፈልገው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት። ሳያዘጋጁ አጥፍተው ዋይፋይ አልባ ከቀሩ የአንድሮይድ ስልክዎን በኬብል ሰክተው «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ያብሩ። ስልኩ ለኮምፒውተሩ እንደ ኔትወርክ ካርድ ስለሚታየው የዋይፋይ ድራይቨር ሳያስፈልግ ኢንተርኔት ያገኛሉ። ዊንዶውስ አፕዴትን ቀድመው ያቁሙት፤ አለዚያ የስልክዎን ጥቅል ሳያስቡት ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር፦ «ሊንክ ስፒድ» 866 እያለ የሚለኩት 4 ከሆነ ከላይ ያልነው ሁሉ አይመለከትዎትም፤ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። ያን ጊዜ ከጀርባ የሚያወርድ ነገር ይፈልጉ። «ሪሶርስ ሞኒተር» ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለው የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚወስድ ያሳያል። ከትልቅ አፕዴት ማግስት ዊንዶውስ ራሱ ቀሪ ፋይሎችን ማውረዱ፣ የተቀመጡ ፎቶዎችም ወደ ክላውድ መጫናቸው የተለመደ ነው። አፕዴቶቹን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ማካፈልንም ይዝጉት፤ «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ ነው። ቪፒኤን ወይም የውጭ አንቲቫይረስ ካለዎት ለአምስት ደቂቃ አጥፍተው ይለኩ፤ እነዚህ በኔትወርክ ካርዱ ላይ የራሳቸውን ማጣሪያ ስለሚደርቡ ከአዲስ ድራይቨር ጋር አንዳንዴ አይስማሙም።

ጥያቄ፦ ድራይቨሩን ወደ ድሮው ስመልሰው ፍጥነቱ ይስተካከላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ዊንዶውስ አዲሱን መልሶ ይጭነዋል። እንዴት ላስቁመው?
(ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ጊዜ ይግዙ። «ዊንዶውስ አፕዴት» ላይ «ፖዝ አፕዴትስ» ብለው ለአምስት ሳምንት ያቁሙት። ከዚያ በመፈለጊያው «ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ» ብለው ጽፈው የሚመጣውን መስኮት «ኖ» ያድርጉት። ዊንዶውስዎ ፕሮ ከሆነ ጠንከር ያለው መንገድ «ግሩፕ ፖሊሲ» ነው፤ «ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን»፣ «አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ»፣ «ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ»፣ «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ ድራይቨሮችን ከአፕዴት ጋር እንዳያካትት የሚለውን «ኢነብልድ» ያድርጉ። ስሙ «አታካትት» ስለሆነ «ኢነብልድ» ማለት ክልከላውን ማብራት ነው፤ ብዙዎች ገልብጠው ይዘጉታል። ዊንዶውስ ሆም ላይ ይህ መስኮት የለም።

ድራይቨሩን ብቻ እንጂ የደኅንነት አፕዴቱን ለዘለዓለም አያቁሙ። የላፕቶፕዎ አምራች ይህን መጥፎውን የሚተካ አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ በእጅዎ ጭነው ክልከላውን ያንሡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆኑ ነገሩ ይለያል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለአሮጌ ካርድ አዲስ የተስተካከለ ድራይቨር ይመጣል ብሎ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም፤ የሚሠራውን የድሮውን ይዘው ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፕ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ እጠቀማለሁ። ካርቶኑ ላይ 600 ሜጋቢት፣ ባለ ሁለት ባንድ ይላል፤ በ5 ጊጋኸርዝም ጥሩ ይሠራልኝ ነበር። ድራይቨር ሁሉ ፈልጎ ያድሳል የተባለ ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ካደሰልኝ በኋላ 5 ጊጋኸርዙ ከዝርዝሩ ጠፋ፣ በ2.4ም ይቆራረጣል።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ በፊት 5 ጊጋኸርዝ ይሠራልዎት ስለነበር ዕቃው ጤነኛ ነው። ፕሮግራሙ የሌላ ቺፕ ድራይቨር ጭኖልዎታል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በስም የሚመሳሰለውንና ቀኑ አዲስ የሆነውን ይመርጣሉ፤ አዲስ ቀን ያለው ሁሉ ለእርስዎ ቺፕ የተሠራ አይደለም። አስቀድመው ፕሮግራሙን ራሱን ያስወግዱት፤ ካለ ነገም ያንኑ ይደግመዋል።

የዕቃውን ትክክለኛ ማንነት ካርቶኑ አይነግርዎትም፤ ዲቫይስ ማኔጀር ይነግርዎታል። «ፕሮፐርቲስ»፣ «ዲቴይልስ»፣ ከዚያ ከተቆልቋዩ «ሃርድዌር አይዲስ»። በዩኤስቢ ዕቃ ላይ ቪ-አይ-ዲ ከሚሉት ሦስት ፊደላት ቀጥለው ያሉት አራት ምልክቶች የአምራቹ መለያ ናቸው። ዜሮ-ቢ-ዲ-ኤ ካለ ሪልቴክ ነው፤ እንዲህ ያሉ ርካሽ መቀበያዎች ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ከፒ-አይ-ዲ ቀጥለው ያሉት አራት ምልክቶች ሞዴሉን ይለያሉ። ድራይቨር ሲፈልጉ እነዚህን ስምንቱን ይዘው ይፈልጉ። በላፕቶፕ ውስጥ ላለ ካርድም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ቬን ከሚለው ቀጥሎ 8086 ኢንቴል፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ ኳልኮም አቴሮስ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዙና ካርዱ መቀየሩን የሚጠረጥሩ አንባቢያንም እዚህ ይመልከቱ።

ከዚያ በላይኛው መልስ እንዳልነው ምልክቱን አድርገው ድራይቨሩን ከነመጋዘኑ ያጥፉ፣ መቀበያውን ይንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን ያስነሡ፣ ትክክለኛውን ጭነው መቀበያውን ይሰኩ። ሲሰኩት እንደ ሲዲ ድራይቭ ሆኖ ብቅ ካለ አይደንግጡ። አንዳንዶቹ ድራይቨራቸውን በሆዳቸው ይዘው ስለሚመጡ መጀመሪያ እንደ ዲስክ ይታያሉ፤ ከውስጡ ጫኑና «ኢጀክት» ሲሉት ወደ ዋይፋይነቱ ይለወጣል።

ስለ 600ው ደግሞ፦ ቁጥሩ የ2.4 ጊጋኸርዙ 150 ከ5 ጊጋኸርዙ 433 ጋር ተደምሮ፣ ከዚያም ወደ ላይ ተጠጋግቶ የመጣ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ ስለዚህ ዕቃው 600 አይቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ከዚህ የባሰም አለ። ቺፑ 8188 የሚባለው የሪልቴክ ቤተሰብ ከሆነ 2.4ን ብቻ የሚያውቅ፣ ጣሪያው 150 የሆነ ነው፤ ካርቶኑ ሁለት ባንድ ቢልም የትኛውም ድራይቨር 5 ጊጋኸርዝ አያወጣለትም።

የሚሰኩበት ቦታም ይታይ። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን በዝርዝር አሳትሞታል። መቀበያው ከውጭ ሃርድ ዲስክ ጎን ከተሰካ ዲስኩ ሲቀዳ ዋይፋዩ ይንቀጠቀጣል። ከዴስክቶፑ ኋላ መሰካቱም የብረት ሳጥኑን ግድግዳ አድርጎ ይጋርደዋል። በአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡት ከብዙ ቅንብር የበለጠ ይረዳዎታል። ለ433 መቀበያ ዩኤስቢ 2 ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ከአፕዴቱ በኋላ ዋይፋዩ ደህና ነው፤ የብሉቱዝ ማዳመጫዬን ስከፍት ብቻ ፍጥነቱ ይወድቃል።
(ከዱባይ)

መልስ፦ ዋይፋዩና ብሉቱዙ በአንድ ካርድ ላይ ናቸው፣ አንቴናም ይጋራሉ፤ ብሉቱዝ ደግሞ የሚኖረው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ዋይፋዩም እዚያው ከወረደ ተራ ይቀባበላሉ። ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ያውጡት፤ ጣጣው አብሮ ይወጣል። አልወጣ ካለ የብሉቱዙ ድራይቨር የቀድሞው ሆኖ የዋይፋዩ ብቻ ታድሶ እንደሆነ ይዩ። የአንድ ካርድ ድራይቨሮች ስለሆኑ ከአንድ ወቅት ቢሆኑ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔም ራውተሬም ዋይፋይ 6ኢ (6 ጊጋኸርዝ የሚጨምረው) ናቸው። የ6 ጊጋኸርዙ ግንኙነት ድራይቨር ከታደሰ በኋላ ጠፋና በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እገናኛለሁ። ከ1 ጊጋቢት በላይ የነበረው ወደ 500 ወርዷል።
(ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ 500 ሜጋቢት እያለ የሚያማርር አንባቢ ማግኘታችን ሰሚት ያሉትን ጠያቂያችንን እንዳያስቀይምብን እንጂ ጥያቄው ትክክል ነው። 6 ጊጋኸርዝ እንዲከፈት አራት ነገር መሟላት አለበት፦ ዊንዶውስ 11፣ የሚፈቅድ ድራይቨር፣ ደብሊውፒኤ3 ምስጠራ፣ እንዲሁም ቅርበት። በኢንቴል ካርድ ላይ «አድቫንስድ» ውስጥ «አልትራ ሃይ ባንድ» የሚል መስመር አለ፤ ከታደሰ በኋላ «ዲሴብልድ» ሆኖ እንደሆነ መጀመሪያ እሱን ይዩ። ከዚያ የዋይፋዩን ስም አስረስተው እንደገና ይገናኙ፤ የቆየው ቅንብር በደብሊውፒኤ2 የተቀመጠ ከሆነ 6 ጊጋኸርዝ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ደብሊውፒኤ2 አይፈቀድም።

ቁጥሩም ይመሰክራል፦ 2402 ካለ 160 ሜጋኸርዝ ስፋት ላይ ነዎት፣ 1201 ካለ 80 ላይ። አሜሪካ ውስጥ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ 160 ለመክፈት ራውተሩ ከራዳር ጋር የሚጋራቸውን ቻናሎች መንካት ስላለበት ብዙዎቹ 80 ላይ ይቀራሉ፤ 500 ያገኙትም በዚሁ ይመስለናል። 6 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አይወድም። በሌላ ክፍል ሆነው ቢጠፋ የድራይቨሩ ጥፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ «ኔትወርክ ሪሴት» ሁሉንም ያስተካክላል ይላሉ። እውነት ነው?
(ከጅማ)

መልስ፦ አንዳንዴ። የተበላሹ የኔትወርክ ቅንብሮችንና ከተነሡ ፕሮግራሞች የቀሩ ማጣሪያዎችን ያጸዳል። መጥፎ ድራይቨርን ግን ያንኑ መልሶ ይጭነዋል። የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ይሰርዛል፣ ቪፒኤንም እንደ አዲስ ይዋቀራል። የይለፍ ቃሉን ሳያውቁ ከቢሮ ዋይፋይ ጋር የሚገናኙ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የመጨረሻ እርምጃ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጥገና ቤት ራም አስጨምሬ ዊንዶውስም አስጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ ሳሎን ውስጥ ራውተሩ ሥር ደህና ነው፤ መኝታ ቤት ስገባ ይሞታል። «ሊንክ ስፒድ» ድሮ 866 ነበር፣ አሁን 433 ነው። ሦስት የተለያየ ድራይቨር ሞክሬያለሁ።
(ከደሴ)

መልስ፦ አራተኛ አይሞክሩ። ግማሽ ቁጥርና ከክፍል ሲወጡ የሚሞት ሲግናል አብረው ሲመጡ፣ ላፕቶፑም በቅርቡ ተከፍቶ ከሆነ፣ የምንጠረጥረው የአንቴና ሽቦ ነው። «ሚሞ ፓወር ሴቭ ሞድ»ን «ኖ ኤስኤምፒኤስ» አድርገው ለአንድ ደቂቃ ይሞክሩ፤ እዚያው 433 ከቀረ ክዳኑን ያስከፍቱ።

ከዋይፋይ ካርዱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይነሣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ጫፋቸው ላይ ያለችው ክብ የናስ ቁልፍ የጤፍ ፍሬ ባትሆንም ከምስር አትበልጥም፤ ራም ሲገባ ሽቦው በእጅ ከተነካ ትለቃለች፣ ወይም ከላይ ተቀምጣ ሳትገባ ትቀራለች። ላፕቶፑ ይጥፋ፣ ቻርጀሩ ይነቀል፣ የውስጥ ባትሪውም ገመድ ይላቀቅ። ካርዱ ላይ ነጭና ጥቁር ሦስት ማዕዘን ምልክት ካለ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ያድርጓቸው። ቁልፉን ከመቀበያው ልክ በላይ አድርገው በጣት ጥፍር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይጫኑት፤ ጠቅ ማለቱ በጣት ይሰማል። በፒንሳ አይጨበጥ፣ አግድምም አይሳብ፤ መቀበያው ከካርዱ ከተነቀለ ካርዱ ራሱ ይቀየራል። ደጋግሞ መንቀልና መሰካትም ቁልፉን ያላላዋል። ከዚያ ሽቦው ክዳኑ በሚቆለፍባቸው ቀዳዳዎች ላይ እንዳያልፍ ወደ መስመሩ መልሰው ይግጠሙ።

ከፍተው ሲያበሩት ቁጥሩ 866 ካለ፣ ከሦስቱ ድራይቨሮች የላፕቶፑ አምራች የሚሰጠውን ብቻ ይተዉና ሌሎቹን ያስወግዱ።